መልስ፦ የአባቴ የፖሊስ ጡረታ በመጨረሻው ደመወዝ ይሰላል ወይ?

ወንድሜ፣ አይደለም። የሚሰላው ከጡረታ በፊት ባሉት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ አምና ያገኘው የማዕረግ ዕድገት በከፊል ብቻ ነው የሚታይለት። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የዚህ አማካይ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት ለፖሊስ 1.65 በመቶ (ለሲቪሉ 1.25 ነው) ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ። አባትህ 25 ዓመት አገልግሏል ካልክ 54.75 በመቶ ይደርሰዋል። አማካዩ 8,000 ብር ቢሆን 4,380 ብር መሆኑ ነው። ፒያሳ አካባቢ ቤት ለሚከራይ ሰው ምን አላት!

የሥራ ማኅደሩን ነገር ግን አደራ፣ አባትህ አሁኑኑ ይየው። አጎቴ የትውልድ ዘመኑ በሁለት ፎርም ላይ ተለያይቶበት፣ ያቺን የተቀዳደደች ክላሰር በብብቱ ሸጉጦ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሲመላለስ ክረምቱ አለቀ።