«ዛፍ ስታዪ ልትኖሪ ነው?»

ልጄ፣ በደን ሳይንስ ተመርቀሽ ዓመት ሙሉ ጎንደር ውስጥ ያለ ሥራ መቀመጥሽን ጽፈሽልኛል። የዛፍ ሥር የሚያበሰብሱ ፈንገሶችን ማጥናት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ግን «ዛፍ ስታዪ ልትኖሪ ነው?» ብለው የአጎትሽ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆነሽ ታናናሾችሽን እንድታስተምሪ አዘውሻል። እንግሊዝኛሽ ለማስተርስ እንዳያንስም ትሰጊያለሽ።

በዚህ አባትሽ ተሳስተዋል። እኔ ዘጠኝ ዓመት የወረዳ ደን ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ማለዳ ነፋስ በሌለበት አንድ ትልቅ ዋንዛ ከነለምለም ቅጠሉ የቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ ወደቀ። ሰዉ «ዕድሜው ደርሶ ነው» አለ። ሥሩን ስነካው ግን ነጭ ሆኖ በጣቴ ተፈረፈረ። ከዓመታት በፊት ለውኃ ቧንቧ ቦይ ሲቆፈር በዚያ በኩል ያሉት ወፍራም ሥሮች ተቆርጠው ነበርና ፈንገሱ ቁስሉን በር አድርጎ ገብቷል። ግንዱ ግርጌ እንደ መደርደሪያ የወጣውን ጠንካራ ቡናማ እንጉዳይ ስንት ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ! ምን እንደሚናገር የነገረኝ አልነበረም። ቀጫጭኑ ሥር ውኃ እስከሳበ ድረስ ቅጠሉ ይለመልማል፤ ዛፉን ያቆመው ወፍራም ሥር ግን ውስጥ ውስጡን ያልቃል። አርሚላሪያ የሚባለው ፈንገስ ደግሞ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም ጉቶው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ እዚያው የተተከለውን ችግኝ ይይዛል።

በየዓመቱ ጥር 11 በፋሲል መዋኛ ዛፎች ሥር ስንት ሺህ ሰው እንደሚቆም አባትሽ ያውቃሉ። የእነዚያን ዛፎች ሥር መመርመር ሥራ ካልሆነ ሥራ ምንድን ነው?

«የዛፍ ሥር በሽታ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ግን አትጠብቂ። በደን ባለሙያነት ወረዳ ተቀጠሪ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ዛፎቹ ግን እዚያ ናቸው። የወደቀ ዛፍ ባገኘሽ ቁጥር ሥሩን ቆፍረሽ እዪ፣ ፎቶ አንሺ፣ መዝግቢ። ማስተርሱን ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን መዝገብ ይዘሽ አመልክቺ።

ታናናሾችሽን ማስተማር የአባትሽ ኃላፊነት ነው፤ አንቺ ከደመወዝሽ የቻልሽውን አግዢ። ስለ እንግሊዝኛሽ አትጨነቂ፣ በየቀኑ ጥቂት ገጽ አንብቢ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባትሽን ቅጥር ግቢው ውስጥ አቆያቸው። የእንጨት መዶሻ ይዘሽ የትልልቆቹን ዛፎች ግንድ ከግርጌው ዙሪያውን አንኳኪ። እንደ ባዶ ጋን የሚጮኽ ካገኘሽ መዶሻውን ለእርሳቸው ስጫቸው፤ ራሳቸው ያንኳኩት።