ከነጠላ ሥር የተደበቁት 12 ቃላት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ሐዋሳ ውስጥ የሀገር ባህል ልብስ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የበኩር ልጄ በኮምፒውተር ተመርቆ እዚሁ ቤት ተቀምጦ ለውጭ ሀገር ሰዎች ይሠራል። በመጪው ወር ዕቁብ ይወጣልኛል፤ 300 ሺህ ብር ነው። ልጄ «እማዬ፣ ብር ባንክ ውስጥ ተቀምጦ እየሟሟ ነው፣ ቢትኮይን ግዢበት» እያለ ይወተውተኛል። «የማይዳሰስ ነገር ምን ገንዘብ ነው?» ስለው «ብሩስ ወረቀት አይደል?» ብሎ መልስ ያሳጣኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ 12 የእንግሊዝኛ ቃላት የጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝና «ገንዘቤ ያለው እዚህች ላይ ነው፤ ደብቂልኝ፣ ለማንም አታሳዪ» አለኝ። ቁምሳጥን ውስጥ ከነጠላዎቼ ሥር አድርጌያታለሁ፤ ማታ ማታ እየተነሣሁ አያታለሁ። ይህ ነገር እውነት ገንዘብ ነው ወይ? (የልጅ እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጅዎ ክርክር ልነሣ፤ ግማሹ እውነት ነውና።

ብር ወረቀት ነው። 34 ዓመት ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ስቆጥረው ስለኖርኩ ይህን አልክድም። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም.፣ የብር ኖቶች ተለወጡ። አሮጌዎቹን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። ጊዜው ካለፈ በኋላ አንድ ሽማግሌ ከገጠር መጡ። ከጋቢያቸው ሥር ፌስታል አወጡ፤ በፌስታሉ ውስጥ ጨርቅ፣ በጨርቁ ውስጥ በክር የታሰሩ ባለ 100 ብር ኖቶች። አፈር አፈርና ጢስ ጢስ ይሸታሉ። እንደ ልማዴ ጣቴን በእርጥቡ ስፖንጅ ነክቼ መቁጠር ጀመርኩ፤ ከ30 በላይ ከቆጠርኩ በኋላ እጄ ቆመ። ሐሰተኛ ኖቶች አልነበሩም። ቀለማቸው አልለቀቀም፣ ክራቸው በቦታው አለ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጊደር ይገዙ የነበሩ ወረቀቶች ናቸው። ሽማግሌው «ልጄ፣ ምናቸው ተበላሸ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ደኅና መልስ አላገኘሁላቸውም።

ስለዚህ ዋጋው ወረቀቱ ውስጥ የለም። ሕጉና ስምምነቱ ሲነሣ ወረቀቱ ወረቀት ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ልጅዎ ልክ ነው።

እንዲያውም ልጨምርለት። ያለ መንግሥት ገንዘብ አይኖርም የሚል ሰው የሀገሩን ታሪክ አያውቅም። አያቴ በመቀነቷ ቋጥራ ያስቀመጠቻቸው 7 ጠገራ ብሮች ነበሩ፤ ልጅ ሳለሁ አንዱን ድንጋይ ላይ ጣል አድርጋ ድምፁን ታሰማኝ ነበር። ምስሏ በጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ ቪየና ይሁን ሚላን፣ ሮም ይሁን ለንደን፣ የትም ቢቀረጽ የሚጻፍበት ያው 1780 ነው። የእኛ ነገሥታት አላዘዙትም፣ አልቀረጹትም። ዐፄ ምኒልክ አንበሳ ያለበትን የራሳቸውን ብር ፓሪስ ውስጥ ካስቀረጹ በኋላ እንኳ ነጋዴው ከሴትዮዋ አልላቀቅም ብሎ ቆየ። በጌጧ ላይ ያሉትን ነጥቦች እየቆጠረ ይቀበላል፤ ነጥቡ ከጎደለ ወይም ከተሻሸ ይመልሳል። ንጉሥ ያላዘዘው ገንዘብ በሀገራችን ገበያ ለረጅም ዘመን ነግሦ ኖሯል።

ነገር ግን ያ ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 23 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። ገበያው ቢተወው አንጥረኛው አይተወውም፤ አቅልጦ መስቀል ወይም አምባር ያደርገዋል። አሞሌም እንደዚያው ነው። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ሲጓዝ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። የሚቀበለው ነጋዴ ቢጠፋ ባለቤቱ ቤቱ ወስዶ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት ለገንዘብም ይሠራል። ብር ወረቀት ቢሆንም መጣፈጫው ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ለሱቅዎ ግብር የሚከፍሉት በብር ነው፣ የባንክ ብድር የሚመለሰው በብር ነው፣ ፍርድ ቤት ካሳ ሲወስን በብር ነው። ሚሊዮኖች ወደዱም ጠሉ በየወሩ ብር መፈለጋቸው አይቀርም።

ቢትኮይንስ ምን አለው? ደብተር አለው። እርስዎ የዕቁብ ሰው ስለሆኑ በዕቁብ ላስረዳዎ። የዕቁቡ ደብተር ጸሐፊው ቤት ብቻ መቀመጡ ቀርቶ አንድ ዓይነት ቅጂው በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ሰዎች እጅ አለ እንበል። በየ10 ደቂቃው ገደማ አዲስ ገጽ ይጨመርበታል፤ የተጻፈውን ልፋቅ ያለ የሌሎቹ ቅጂ ያጋልጠዋል። የመጀመሪያው ገጽ የተጻፈው እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 2009 ነው፤ ጀማሪው ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚታወቅ፣ ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው ነው። የሚወጣው ሳንቲም ጠቅላላ ብዛት ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ከመነሻው ተወስኗል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው ነኝና ለዚህ ፈጠራ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ቀን ሙሉ ሠርተን ማታ 5 ብር ጎድሎብን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ስንፈልግ ያመሸንባቸውን ቀናት አስታውሳለሁ፤ ይህ ደብተር አይጎድልም።

ሆኖም ዕቁብ ደብተር ብቻ አይደለም፤ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው። ሰው ቢክድ ሽማግሌ ይላካል። በዚህ ደብተር ዘንድ ሽማግሌ የለም። ልጅዎ የሰጠዎት ወረቀት የመለያ ወረቀት አይደለም፤ ቁልፉ ራሱ ነው። ያያትና የገለበጣት ሰው ገንዘቡን ይወስዳል፤ አቤት የሚባልበት መስኮት የለም። በዌልስ፣ ኒውፖርት ከተማ፣ አንድ ሰው ከ7 ሺህ በላይ ቢትኮይን የሚከፍት ቁልፍ የያዘ የኮምፒውተር ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2013 ከቆሻሻ ጋር ተጥሎበት የቆሻሻ መጣያው ይቆፈርልኝ እያለ ለዓመታት ሲሟገት ኖሯል። ደብተሩ ዛሬም የእሱ ነው ይላል። የእኔ ሽማግሌ ቢያንስ የሚቆጡበት ሰው ከመስኮቱ ወዲያ ነበረላቸው።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ዋጋ አለው፤ የሚገዛው ሰው እስካለ ድረስ ዋጋ የለውም ማለት ውሸት ነው። የእርስዎ የጥልፍ ቀሚስም ዋጋ አለው፤ የቤት ኪራይ ግን በቀሚስ አይከፈልም። ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ከአሠሪዎቹ ጋር ሲዋዋል ደመወዙን በምን ይነጋገራል? በዶላር እንደሚሆን እወራረዳለሁ። ቢትኮይን ወዳዶች ሁሉ «ዛሬ ስንት ገባ?» ሲባሉ የሚመልሱት በዶላር ነው። የሌላው ሁሉ ዋጋ የሚነገርበት ነገር ገንዘብ ነው፤ የራሱ ዋጋ በየሰዓቱ በሌላ ገንዘብ የሚነገርለት ነገር ሸቀጥ ነው። የሚከፈለው ከዶላር ጋር በታሰረው ዓይነት ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን በኮምፒውተር ደብተር ብቻ የሚኖሩት ሁሉ የሚጠሩበት ስም ነው) ከሆነም ያው ነው፤ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ መለኪያው ዶላር ነው። ከዶላር ጋር ታስሬያለሁ ያለ ሁሉ ደግሞ አይታመንም፤ ቴራ የተባለው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በጥቂት ቀናት ውስጥ ተንኮታኩቷል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 አንድ አሜሪካዊ 2 ፒዛ በ10 ሺህ ቢትኮይን ገዛ። ሰው ሁሉ ይህን ሲያወራ ይስቃል። እኔ ግን ያ ሰው በቢትኮይን እንደ ገንዘብ ከተጠቀሙት ጥቂቶች አንዱ ነበር እላለሁ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው የተማረው ትምህርት «አታውጣ» የሚል ነው። ነገ እጥፍ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቅን ነገር ማን ሽንኩርት ይገዛበታል? ኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ አድርጋ ለየዜጋው በስልክ 30 ዶላር ሰጠች። ብዙው ሕዝብ ስጦታውን ተጠቅሞ ወደ ዶላሩ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሕጉ ተሻሽሎ ነጋዴው የመቀበል ግዴታው ተነሣለት።

አሁን ስለ 300 ሺህ ብርዎ። የልጅዎ ሥጋት የልጅ ሥጋት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በዚያው ቀን ከ70 አለፈ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የጡረታ ደመወዜ ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ዘይቱና ጤፉ ጥለውት ሄዱ። ብር ይታመናል ብዬ አልሰብክዎትም። ግን የሚሸሹበት ቤት ጣሪያ አለው ወይ? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ቢትኮይን 69 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ በዓመቱ ከ16 ሺህ በታች ወረደ። ያኔ ዕቁብዎ ወጥቶልዎት ቢትኮይን ገዝተውበት ቢሆን ኖሮ ከ300 ሺህ ውስጥ 70 ሺህ ገደማ ይቀርልዎት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከ100 ሺህ ዶላር በላይ መውጣቱንም አልደብቅዎትም፤ የታገሠ አተረፈ። እርስዎ ግን ለመስቀልና ለገና የሚሆን ድርና ማግ የሚገዙበትን ገንዘብ ይዘው 3 ዓመት መታገሥ ይችላሉ? ሸማኔው ይታገሥልዎታል?

በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን ገልጾ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ብርዎን ሰጥተው ቢትኮይኑ ባይመጣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ምን ብለው ይከስሳሉ?

የዕቁቡን ገንዘብ ዕቃ ያስገቡበት። የተሰፋ ቀሚስ ከብርም በተሻለ ዋጋውን ይጠብቃል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ወረቀቷን በተመለከተ፣ ፎቶግራፍ አያንሷት፣ በስልክ ለማንም አያንብቡ፤ «ከድርጅቱ ነው የምንደውለው፣ ቃላቱን ንገሩን» የሚል ሰው ሁሉ ሌባ ነው። ልጅዎን ደግሞ ሁለተኛው ቅጂ የት እንዳለ ይጠይቁት። የለም ካለዎት ይቆጡት፤ ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ ያለበት ቤት ውስጥ የሰው ላብ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት አይታመንም።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ቢትኮይን ለማውጣት እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ይህን ያህል ወጪ የወጣበት ነገር እንዴት ዋጋ ቢስ ይሆናል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ አጎቴ ግቢው ውስጥ 2 ወር ሙሉ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ አላገኘም። ድካሙ ጉድጓዱን ውድ አላደረገውም። መምህሮችህም ይህን ሳያስተምሩህ አይቀሩም፤ ምናልባት ቀርተህ ይሆናል።

ኤሌክትሪኩ በከንቱ አይፈስም። በደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ለመጨመር ብዙዎች በኮምፒውተር ይፎካከራሉ፤ ላሸነፈው አዲስ ቢትኮይን ይከፈለዋል፤ «ማውጣት» የሚባለው ይህ ነው። ያን ያህል ወጪ የሚወጣው ደብተሩን ለማጭበርበር የሚፈልግ ሰው ከዚያ የበለጠ ማውጣት እንዲኖርበት ነው። ስለዚህ የዘበኛ ደመወዝ ነው። ባንክ በር ላይ ውድ ዘበኛ መቆሙ ካዝናው ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ደግሞ ይህ ደመወዝ በየ4 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀነሳል፦ ለአንድ ገጽ 50 ቢትኮይን ተብሎ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ 3.125 ሆኗል። ክፍያው እያነሰ ሲሄድ ዘበኛውን ማን ይቀጥረዋል የሚለው ለመመረቂያ ጽሑፍህ የሚሆን ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠቁምህ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለእነዚህ ቢትኮይን አውጪዎች መብራት ይሸጣል። ሒሳቡን የሚቀበላቸው በዶላር ነው።