የድሮ መኪና ዳሽቦርድ ማብሪያ፦ ዛሬ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። በእጄ የሚያልፈው አብዛኛው ቮልስና ላዳ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ «መብራቴ እምቢ አለ፣ ማብሪያውን እንዴት ላውልቀው?» የሚሉኝ በዝተዋል። ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለብኝም፤ ያላችሁን አምጡ። የመኪናውን ዓይነትና ባትሪው ባለ ስንት ቮልት እንደሆነ መጻፍ አትርሱ።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ቮልሴ እ.ኤ.አ. የ1965 ናት፣ ባለ 6 ቮልት። የመብራቱን ማብሪያ ላወጣ እጀታውን በፒንሳ ስስበው ጫፉ ተሰነጠቀ። እንዴት ነው የሚወጣው?

ፒንሳውን አስቀምጠው ወንድሜ። እሱ የሚፈታ እንጂ የሚሳብ አይደለም። ከሁሉ በፊት የኋላውን ወንበር አንሳና የባትሪውን ኔጌቲቭ አውልቅ፤ ቁልፉን ብታጠፋም ማብሪያው ላይ 30 ቁጥር የተጻፈበት የሽቦ መግቢያ ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ስለሆነ ሁልጊዜ ኃይል አለው። ከዚያ እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ውጭ አውጣውና ወደ ግራ አዙረው። ዘንጉ አብሮ ከዞረ፣ ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልለህ ያዘውና እጀታውን ብቻ ፍታ።

እጀታው ሲወልቅ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ያሉት ቀለበት ታያለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ካቻቢቴ ደግኖ በመዶሻ መታ መታ ያደርጋል፤ ካቻቢቴው ሲያመልጥ የዳሽቦርዱን ቀለም ይጭረዋል። እኔ የአሮጌ ቧንቧ ጫፍ በሞረድ ሞርጄ ሁለት ጥርስ አውጥቼለታለሁ፤ ልክ ገብቶ ያለ ጉልበት ይፈታል። ቀለበቱ ከወጣ በኋላ የፊቱን ኮፈን ክፈት፣ ካርቶኑን አንሳ፣ ማብሪያው በስተኋላ በኩል ይመጣልሃል።

ሽቦ ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ላይም ፕላስተር ለጥፈህ ቁጥሩን ጻፍ። 30 ከባትሪ የሚመጣው፣ 56 ወደ ትልቁ መብራት የሚሄደው፣ 58 ደግሞ የፓርኪንጉ ነው። የሽቦውን ቀለም ብቻ አትመን፤ በ60 ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እንደቀጠለው ማን ያውቃል። የተሰነጠቀውን እጀታ ደግሞ አትጣለው፤ በጥሩ ማጣበቂያ ይመለሳል።

ከዚያው ከሽምብጥ፦ የእኔም ቮልስ ነው፣ ግን ባለ 12 ቮልት። ማብሪያውን ሁለት ጊዜ በአዲስ ቀየርኩት። ማታ ማታ ይግላል፣ ፕላስቲክ ይሸታል። አምፖሎቹ 100 ዋት ናቸው።

የሚያቃጥልብህ አምፖሉ ነው። ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖል 200 ዋት ነው፤ ለ12 ስታካፍለው 17 አምፔር ገደማ ይመጣል። የተለመደው 55 ዋት ቢሆን 9 አምፔር ነበር። ያ ሁሉ የሚያልፈው የምስር ፍሬ በምታህል ኮንታክት (ማብሪያው ውስጥ ብረት ከብረት የሚገናኝበት ነጥብ) ላይ ነው። ሦስተኛ ማብሪያ ብትገዛም ይነድዳል። (ባለ 6 ቮልት ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ለተመሳሳይ ዋት የእናንተ ሽቦ እጥፍ አምፔር ይሸከማል።)

አምፖሉን ወደ 55 መልሰውና ሪሌ አስገባ፤ ሪሌ ማለት በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ነው፣ እግሮቹ ላይ ቁጥር አለው። ከማብሪያው 56 የሚወጣውን ሽቦ ከሪሌው 86 ጋር አገናኘው፤ 85ን ከቦዲ እሰረው። የሪሌው 30 ላይ የራሱ ፊውዝ ያለው ወፍራም ሽቦ ከባትሪ ይምጣ፤ ድሮ ከ56 ተነስቶ ወደ መብራቱ ይሄድ የነበረውን ሽቦ ደግሞ 87 ላይ አድርገው። ከዚያ በኋላ ማብሪያው የሚያዘው ሪሌዋን ብቻ ስለሆነ ቀዝቃዛ ሆኖ ይኖራል።

ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልዬ እነዳለሁ። ችግር አለው?

አለው፣ እባክህ ዛሬውኑ አውጣው። ፊውዙ የተቀመጠው ከሽቦው ቀድሞ እንዲቃጠል ነው። ብር ወረቀት ስታደርግበት የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፤ ሽቦው ደግሞ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ካርቶን አጠገብ ነው ያለው። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው፤ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ገዝተህ መኪናው ውስጥ አኑር።

ከዘጌ መንገድ፦ ላዳ አለኝ። ማብሪያው አቧራ ገብቶበት ነው መሰለኝ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም። ናፍጣ ልርጭበት?

አትርጭ። ናፍጣ አቧራውን ወደ ጭቃ ይለውጠዋል። ማብሪያውን ከጀርባው በእጅህ ሁለቱን ክንፎች ጫን አድርገህ ወደ ፊት ግፋው፤ ከፊት መፈልቀቅ ግድ ከሆነብህ ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፈህ በቀርከሃ ስንጥር ሞክረው፣ ብረት አታስጠጋው።

አሮጌው ማብሪያ ይታደሳል ወይስ አዲስ ልግዛ?

እኔ መጀመሪያ አሮጌውን እከፍታለሁ። ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር የምትቆም አንዲት ቮልስ መጣችልኝ፤ መብራቷ ከጠፋ ወር ሆኗል። ማብሪያውን ገልብጬ የነሐሱን ምላስ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከሥሩ አረንጓዴ ዱቄት፣ መሃሉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ጉድጓድ። ዱቄቱን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጸዳሁ፣ ኮንታክቱን በእርሳስ ላጲስ ፈተግሁት፣ ምላሱን ትንሽ አጎበጥኩትና በደንብ እንዲጫን አደረግሁት። ብርጭቆ ወረቀት አልተጠቀምኩም፤ ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ይገፈዋል። በቴስተር ስለካው ቮልቱ ከገባው ጋር እኩል ሆኖ ወጣ። ገበያ ላይ ያሉት አዳዲስ ቅጂዎች ነሐሳቸው ስስ ነው፤ የእኔ ምክር ቀድሞ የመጣውን ማትረፍ ነው። ምላሱ ተሰብሮ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሆነ ግን ቀይሩት፣ እሱ አይድንም።

የአባቴ ፔጆ 404 አለች። የጭጋግ መብራት ልጨምር ስል ኤሌክትሪሺያኑ ዳሽቦርዱን ልብሳ አለኝ። ይብሳው?

እንዳይበሳው እህቴ። 404 መመረት ካቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ያ ዳሽቦርድ አንዴ ከተበሳ ሌላ የሚመጣ አይመስለኝም። ትንሽ ላሜራ አጥፎ፣ ሁለት ቀዳዳ አድርጎ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ቀድሞ ባለው ብሎን ይሰርልሽ። አዲሱ ማብሪያ እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ሲያስፈልግ በአንድ ካቻቢቴ ይወርዳል። እምቢ ካለሽ መኪናዋን ይዘሽ ነይ፣ ላሜራውን እኔ አጥፍልሻለሁ።