ያንን አሮጌ ወለል ከመንቀላችሁ በፊት

የመጀመሪያ ቤቴን ስገዛ አሮጌ መሆኑ አላስጨነቀኝም። ለአቅሜ የሚሆነው እሱ ብቻ ነበር። ቁልፉን በተረከብኩ በሳምንቱ ቤዝመንቱ ውስጥ ያለውን ምንጣፍ ጠቅልዬ አነሳሁ። ከሥሩ ነጫጭ መስመር የተረጨበት ቡናማ ታይል ወጣ። አንዳንዱ ጠርዙ ተነስቷል። ለሥራው ያነጋገርኩት ኮንትራክተር አየት አደረገና «ይሄ ምንም አይደል፣ ራስህ ብትነቅለው ወጪ ትቀንሳለህ» አለኝ። አመንኩት።

ቅዳሜና እሁድ ከጓደኛዬ ጋር በመሮና በመዶሻ ስንነቅል ዋልን። ታይሉ እንደ ደረቅ ብስኩት ቀጭ እያለ ይሰበራል። ከሥሩ ያለውን ጥቁር ማጣበቂያ በደረቁ ፋቅነው። አቧራው ሲበዛብን በመጥረጊያ ጠረግን። ልጆቼ በካልሲ ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ።

ሰኞ ዕለት የሕንፃ ምርመራ የሚሠራ የሀገራችን ልጅ «እንኳን ደስ አለህ» ሊለኝ መጣ። ቤዝመንቱ በር ላይ ቆሞ አየና አልገባም። «አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፣ በሩን ዝጋው» አለኝ። ናሙና ላብራቶሪ ላክን። ታይሉም ማጣበቂያውም አስቤስቶስ ነበረበት። ውጤቱን ባነበብኩበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓይኔ ላይ የነበሩት እነዚያ ትንንሽ ካልሲዎች ናቸው።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር፣ እንደ ክር የሚተረተር ማዕድን ነው። እሳት አይበላውም፣ ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካዎች ለአሥርተ ዓመታት ከወለል ታይል፣ ከማጣበቂያና ከቪኒል (ፕላስቲክ መሰል የወለል ንጣፍ) ጀርባ ጋር ሲቀላቅሉት ኖሩ። ሲሰባበር የሚለቀው ክር በዓይን አይታይም። ሳንባ ውስጥ የገባው ክር በቀላሉ አይወጣም፣ አይሟሟም። የሳንባ ካንሰር፣ የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃውን ሜሶቴሊዮማ የሚባል ካንሰርና አስቤስቶሲስ የሚባለውን የሳንባ ጠባሳ ያመጣል። በሽታው ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ እጅግ ይጨምራል።

ይህን ስል ቤታችሁን ጥላችሁ ውጡ ማለቴ አይደለም። ደህና ሆኖ የተቀመጠ ታይል ውስጥ ክሩ ታስሮ ነው ያለው። ብትራመዱበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ብትወለውሉት ክሩን አይለቅም። አደጋው የሚጀምረው ሲሰበር፣ ሲፋቅ፣ በማሽን ሲለሰልስና በድሪል ሲበሳ ነው። እኔ ያን ወለል ባልነካው ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እንዴት ትጠረጥራላችሁ? መጀመሪያ ዕድሜውን ጠይቁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ ኦሻ የሚባለው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ እስከ 1980 ድረስ የተነጠፈ የቪኒልና የአስፋልት ወለል ተመርምሮ ነፃ እስካልተባለ ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት ይቆጠር ይላል። ጀርመንና ኔዘርላንድ በ1993 ከለከሉት፣ እንግሊዝ በ1999። የአውሮፓ ኅብረት በሙሉ በ2005፣ አውስትራሊያ በ2003 መጨረሻ፣ ካናዳ በ2018 መጨረሻ። ቤታችሁ ከነዚህ ዓመቶች በፊት የተሠራ ከሆነ ጠርጥሩ። ከላይ አዲስ ወለል ማየታችሁ አያዘናጋችሁ። አሮጌው ከሥር ሊኖር ይችላል።

ቀጥሎ መልኩን እዩ። ጎኑ በኢንች 9 በ9 የሆነ፣ ማለትም 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚለካ ታይል ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። 12 በ12 የሆነውም ነፃ አይደለም። እንደ አስፋልት የጠቆረ ማጣበቂያ ሌላ ምልክት ነው።

ከሁሉ የምፈራው ግን ታይሉን አይደለም። በጥቅል መጥቶ የሚነጠፈውን አሮጌ ቪኒል ነው፣ ብዙ ጊዜ ኩሽና እና መታጠቢያ ቤት የሚገኘውን። ከጀርባው ግራጫ ወይም ነጣ ያለ፣ የእንቁላል ካርቶን የሚመስል ለስላሳ ወረቀት ካለው እጃችሁን ሰብስቡ። ያ ወረቀት አብዛኛው ክፍሉ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። እንደ ታይሉ በደንብ አልታሰረም። ቪኒሉን ስባችሁ ስትገነጥሉት ወረቀቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ይቀራል፣ ክሩ አየሩን ይሞላዋል።

ያም ሆኖ በዓይን አይቶ «አለበት» ወይም «የለበትም» ማለት አይቻልም። የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ኮንትራክተርም አይችልም። የሚለየው ላብራቶሪ ብቻ ነው። ናሙናውን ፈቃድ ያለው መርማሪ ቢወስደው እመርጣለሁ። የምትኖሩበት አገር ሕግ ለባለቤቱ የሚፈቅድ ከሆነና ራሳችሁ ከወሰዳችሁ እንዲህ አድርጉ። ቤተሰቡን ከክፍሉ አስወጡ። ማሞቂያውንና ማራገቢያውን አጥፉ። ለአስቤስቶስ የሚሆን ማስክና ጓንት አድርጉ። ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ የተደረገበት ውኃ ቦታው ላይ ርጩ። ቀድሞ ከተሰበረ ጥግ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ቁራጭ፣ ከነማጣበቂያው፣ ቀስ ብላችሁ አንሱ። በሚታሸግ ፌስታል አድርጋችሁ በሌላ ፌስታል ድገሙት። ቦታውን በእርጥብ ወረቀት ጠርጋችሁ ወረቀቱንም አሽጉት። የተቆረጠውን ጥግ በፕላስተር ሸፍኑ።

ላብራቶሪው ታይሉንና ማጣበቂያውን ለየብቻ እንዲመረምር ጠይቁ። ታይሉ ነፃ ሆኖ ማጣበቂያው ያለበት ጊዜ አለ። ሌላም ነገር አለ። ታይል ውስጥ ያለው ክር በጣም ደቃቅ ስለሆነ ተራው ማይክሮስኮፕ ሊያመልጠው ይችላል። ውጤቱ «የለም» ካለና ወለሉ አሮጌ ከሆነ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይረጋገጥልኝ በሉ። ወጪው ይጨምራል፣ ግን ዋጋ አለው።

ተገኘ እንበል። ወለሉ ደህና ከሆነ የኔ ምክር ተዉት ነው። ሳትፍቁት፣ ሳታለሰልሱት፣ ምስማር ሳትመቱበት ከላዩ አዲስ ወለል አንጥፉበት። ተገጣጥሞ ያለ ምስማር የሚቀመጠው ዓይነት ለዚህ ይመቻል። ከመሸፈናችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። የላብራቶሪውን ወረቀት ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀምጡ። ነገ ቧንቧ ሊሠራ የሚመጣው ሰውዬ፣ ቤቱን ከእናንተ የሚገዛውም ሰው ማወቅ አለባቸው።

ወለሉ ተሰባብሮ ከሆነ ወይም የግድ መነሳት ካለበት ፈቃድ ያለው ድርጅት ያንሳው። ክፍሉን በፕላስቲክ ያሽጋሉ፣ አየሩን በልዩ ማጣሪያ ይስባሉ፣ ወለሉን እያረጠቡ ያነሳሉ። መርማሪውና የሚያነሳው ድርጅት የተለያዩ ይሁኑ። አንድ ሰው ሁለቱንም ከያዘ የሌለውን አለ ቢላችሁ ማን ያርመዋል? ሥራው ሲያልቅ የአየር ምርመራ ውጤትና ቆሻሻው በሕጋዊ ቦታ መጣሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ሳትይዙ ሂሳቡን አትዝጉ።

ተከራይ ከሆናችሁ ምንም አትንኩ። የተሰበረውን ፎቶ አንስታችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል።

አሁን ደግሞ አፍርሶ በማንሳት ሥራ ላይ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች። በተለይ አዲስ የመጣችሁ። በቀን ሂሳብ «ይሄን ወለል ፍቁልኝ» የሚል አይጠፋም። ሥራ ከምንም በላይ የሚያስፈልግበት ጊዜ መሆኑን አውቀዋለሁ። እኔም አልፌበታለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ተመርምሯል? ወረቀቱን ላየው።» ወረቀት ከሌለ አትጀምሩ። ፋርማሲ የሚሸጠው የወረቀት ማስክ ከዚህ አያድናችሁም። አቧራ የያዘ የሥራ ልብስ ይዞ ቤት መግባትም ክሩን ለሚስት፣ ለባልና ለልጅ ማምጣት ነው። ልብስ አጥበው የታመሙ የሠራተኛ ሚስቶች አሉ። የጽዳት ሠራተኞችም፣ አሮጌ የቪኒል ታይል በደረቁ በማሽን አትወልውሉ። በእርጥቡ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚሠራው።

እንደኔ ቀድማችሁ ነቅላችሁ ከሆነስ? አቁሙ። አትጥረጉ፣ በቤት ቫኪዩም አትሳቡ። ተራው ቫኪዩም ክሩን መልሶ አየር ላይ ይረጨዋል። ማራገቢያውን አጥፍታችሁ በሩን ዝጉ። የለበሳችሁትን ሳታራግፉ ፌስታል ውስጥ አሽጉ፣ ገላችሁን ታጠቡ፣ ባለሙያ ጥሩ። ደግሞም አትደናገጡ። በዚህ አቧራ በብዛት የታመሙት ለዓመታት ሲሠሩበት የኖሩ ሰዎች ናቸው። የሁለት ቀን አቧራ ከዚያ ጋር አይተካከልም፣ ምንም አይደለም ማለት ግን አይደለም። በማግስቱ ኤክስሬይ መነሳት ምንም አያሳይም። እኔ ለሐኪሜ መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ሁኔታ እንደነቀልኩ ነግሬ ፋይሌ ላይ አስጻፍኩ። የልጆቼም ፋይል ላይ አለ። ሲጋራዬንም ያኔ ነው ያቆምኩት።