ማጀት ተቆልፎበት ያደገ ልጅ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ 42 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ወፍጮ ቤት አለኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አንቸገርም። ያደግሁትም እዚሁ ከተማ ነው። እናቴ የ7 ዓመት ልጅ ሳለሁ አረፈች። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የእድር ጸሐፊ፣ የተከበረ ሰው ነበር። ቤታችን ቆርቆሮ፣ ጎታችን ሙሉ ገብስ። ግን ጠዋት ሲወጣ ማጀቱን ይቆልፍና ቁልፉን ኮቱ ኪስ ይከተዋል። ማታ እሱ ከተማ በልቶ፣ ጠጥቶ ይመጣል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከበሩ ወዲያ አይጥ ገብሱን ሲቆረጥም እየሰማን እንተኛለን። «የቤት ገበና አይወራም» ስላለን ለሰው ትንፍሽ አላልንም። ነፍሳችንን ያቆዩልን ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እማማ ናቸው። «ና እስቲ ውሃ አግዘኝ» ብለው ይጠሩኛል። ከዚያ «ይህን ወጥ ቅመስልኝ፣ ጨው አንሶት እንደሆነ» ይሉና ሙሉ ሰሐን ያቀርባሉ።

አሁን ባለቤቴ «እንጀራ ትቆጥራለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። መሶቡን ከፍቼ ሳልቆጥር እንቅልፍ አይወስደኝም። የማጀቱ ቁልፍ ከወገቤ አይወርድም። ባለፈው ወር የ7 ዓመቷ ልጄ እንጀራ ልትደግም እጇን ስትዘረጋ «ስንተኛሽ ነው?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ «በልቻለሁ» ትላለች። ባለቤቴ የልጅቷ ትራስ ሥር የደረቀ እንጀራ አገኘች። በዚህ ላይ አባቴ አርጅቷል፣ እግሩ ከድቶታል፣ ብቻውን ነው። ታናሽ እህቴ «ቤትህ አስገባው» ትላለች። እሷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ደብረ ሲና ያለች አክስታችን ናት። የእድሩ ሽማግሌዎችም «አባት አይጠላም» ይሉኛል። እኔ ክፉ ሰው ነኝ? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አይጡ ላይ ስደርስ ሦስቱንም ጊዜ ቆምኩ።

ክፉ አይደለህም። ልሸነግልህ ብዬ አይደለም። ክፉ ሰው ልጁ ትራስ ሥር እንጀራ ሲገኝ «ማን ወሰደብኝ?» ይላል። አንተ ግን ደንግጠህ ብዕር አነሳህ። የደነገጥከውም ያንን ትራስ ስለምታውቀው ነው።

እኛ አገር ረሃብ ሲባል ሁሉም ሰው 77ን ነው የሚያስበው። ልክ ነው። የ1977ቱ ድርቅ ወሎንና ትግራይን ሲፈጅ የእኛንም ሰሜን ሸዋ ነክቷል። ያ ረሃብ ስም አለው፣ ዓመት አለው፣ አልቃሽ አለው። ያንተ ረሃብ ግን ስም የለውም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ደመወዝተኛ አባት ጓሮ፣ ሙሉ ጎታ አጠገብ የተራበ ልጅ ማን ይቆጥረዋል? ሰፈሩ እንኳ «የነእንትና ልጆች ቀጭን ናቸው» ብሎ አልፎ ይሆናል።

በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ድርቅ ሲመጣ ልጅ ከእናት ከአባቱ ጋር አብሮ ይራባል። ሰማዩን ያማል። ማጀት ተቆልፎ ሲራብ ግን የሚያማው ራሱን ነው። የ7 ዓመት ልጅ «አባቴ ተሳስቷል» ብሎ ማሰብ አይችልም፤ ያን ካሰበ የሚጠጋበት የለውም። ስለዚህ «እኔ ብዙ እበላለሁ፣ እኔ አስቸጋሪ ነኝ» ይላል። ሆዱ የሞላ ዕለት እንኳ ያቺ ሐሳብ አትሞላም። እኛ ባለሙያዎች ይህን ቸልተኝነት እንለዋለን። ቃሉ ቀላል ይመስላል። ዱላ ሰምበር ይተዋል፣ ቸልተኝነት ግን ብዙ ጊዜ ለዳኛም ለሐኪምም የሚያሳዩት ነገር አይተውም።

አሁን ስለ ቆጠራው። እንደ ፈረንጆቹ በ1944 እና 1945 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ስድስት ወር ያህል ምግባቸውን ቀንሶ አቆያቸው። ሰዎቹ ሳህን ይልሱ ጀመር። ቀን ሙሉ ወሬያቸው ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመሩም ነበሩ። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላ ብዙዎቹ በልተው በልተው ጥጋብ አልታወቅ አላቸው። ልብ በል፤ እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። መቼ እንደሚያልቅ ያውቃሉ። ከፈለጉ ተነስተው መሄድ ይችላሉ። አንተ 7 ዓመትህ ነበር፣ ማብቂያውንም የነገረህ የለም።

ስለዚህ ማታ መሶብ ከፍተህ የምትቆጥረው ንፉግ ስለሆንክ አይደለም። ያ ልጅ ነው የሚቆጥረው። «ለነገ አለ?» እያለ ነው። መኖሩን ሲያይ ይተኛል። ወፍጮ ቤት መክፈትህም፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1998 እንደ ፈረንጆቹ ፊሊቲ እና አንዳ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ያወጡት ሰፊ ጥናት አለ። ሳን ዲዬጎ ከተማ ውስጥ ነው የተሠራው። ተጠያቂዎቹ በሁለት ዙር ተደምረው ከ17 ሺህ በላይ ነበሩ። ችግረኞች አይደሉም፤ አብዛኞቹ የተማሩ፣ ሥራና የጤና ኢንሹራንስ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በኋላ ላይ በጥናቱ ስለ ቸልተኝነት ሲጠየቁ፣ እንደ በቂ ምግብ ማጣት ባለ ጉድለት ውስጥ ያደጉት ከ10 ሰው 1 ገደማ ሆኑ። በዚያ ሁሉ ጥጋብ መሐል! እና አንተ ብቻህን አይደለህም። ብቻህን የመሰለህ ሁሉም እንዳንተ አፉን ስለዘጋ ነው።

ወደ ልጅህ ልምጣ። አንተ ስለ ራስህ ነው የጠየቅኸኝ፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበችኝ እሷ ናት።

«በልቻለሁ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። እኔም መንዝ ሳድግ ሰው ቤት ስንሄድ እናቴ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች፤ እኔም «በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ቤቴ ተመልሼ ግን እበላ ነበር። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጅ በሰው ቤት «በልቻለሁ» ካለ አስተዳደግ ነው። በገዛ ቤቱ ሳይበላ «በልቻለሁ» ካለ ግን ፈርቷል።

አንዲት «ስንተኛሽ ነው?» ይህን ሁሉ አታመጣም ትል ይሆናል። ልክ ነህ፣ አታመጣም። ልጅቷ ግን ቁልፉንም ታያለች፣ ማታ መሶቡ ሲከፈት ድምፁንም ትሰማለች። ጥያቄህ የቆየ ነገር ማሰሪያ ሆነባት። ደግነቱ ገና አንድ ወሩ ነው። ልጅ ቶሎ ይፈራል፣ ቶሎም ይመለሳል፤ ካልዘገየህ።

ይቅርታ ጠይቃት። አትሳቅ። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየህም፣ አውቃለሁ። አጭር ይሁን፤ አልቅሰህ አታስጨንቃት። «የዚያን ዕለት ስንተኛሽ ነው ያልኩሽ ተሳስቼ ነው። ልጅ ሆኜ ይርበኝ ነበርና አሁንም እፈራለሁ። ፍርሃቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። እዚህ ቤት እስክትጠግቢ ትበያለሽ።» ይበቃል። ስለ አያቷ አታንሳ። ትራሷንም አትፈትሹ። እንዲያውም እናቷ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆልላ ልጅቷ እጅ የሚደርስበት ቦታ ታስቀምጥላት። ሲያልቅ ሳይጠየቅ ይሞላ። የሚደበቅ ነገር ከሌለ ድብቁ በራሱ ጊዜ ይቀራል። በሦስት በአራት ሳምንት ካልቀረ፣ ወይም እየከሳች ከሄደች፣ ሐኪም ይያት።

ቆጠራውን በአንድ ቀን ተው ብልህ አትችልም። ውሸት ነው። ይልቅ እንደራደር። ጎታውን፣ ኩንታሉን፣ በርሜሉን ቁጠር። ከፈለግህ ደብተር አዘጋጅ፤ ነጋዴ ሲቆጥር ማንም አይስቅበትም። መሶቡን ግን አትቁጠር። መሶብ ግምጃ ቤት አይደለም፤ ሰው የሚበላበት ነው። ቁልፉንም ከወገብህ አውርደህ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትተህ ስቀለው። ወርውረህ አትጣለው፤ እዚያው ይታይ። ግን ማንም ይንካው። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ናቸው። ልብህ ይመታል፣ ትነሳለህ፣ ትቀመጣለህ። ሩብ ሰዓት ታገሥ፤ ትንሽ ይበርዳል። በየሌሊቱ ደግሞ ያጥራል።

ለባለቤትህስ የአይጡን ነገር ነግረሃታል? ደብዳቤህ እንደማታውቅ ይመስላል። እሷ የምታየው እንጀራ የሚቆጥርባትን ባል ነው። ያ ለአንዲት ባለሙያ ሴት ስድብ ነው፤ «አባካኝ ነሽ» እንደማለት ነው። አንድ ምሽት ልጆቹ ሲተኙ ንገራት። የአባትህን ገበና ማውጣት ከመሰለህ ስማኝ፤ ገበናው ያንተም ነው፣ ድርሻህን የመናገር መብት አለህ። ስትነግራት እንቅልፍህ ጭራሽ ከጠፋ ወይም መጠጡ ከበዛብህ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ሂድ። የሚያሳፍር አይደለም።

አባትህስ? እዚህ ላይ ከሽማግሌዎቹ እለያለሁ።

እህትህ አታውቀውም። ደብረ ሲና አክስቷ ጋ ጠግባ ነው ያደገችው። እሷ የምታስበው አባት አንተ ያደግህበት ቤት አልነበረም። አትቆጣት፤ ግን በእሷ አባት አትገደድ። ሽማግሌዎቹም የሚያውቁት መዝገብ አጥርቶ የሚይዘውን የእድር ጸሐፊ ነው።

አባትህ ለምን ቆለፈ? ምናልባት በ77 በደሴ መንገድ የሚወርደውን ሕዝብ አይቶ ልቡ ውስጥ የቀረ ነገር ይኖር ይሆናል። ምናልባት ሚስቱ ስትሞት ሁለት ወንድ ልጅ ማብላት ከብዶት ይሆናል። ምናልባት የመጠጡ ነገር ይሆናል። አንዱ ምክንያት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የበሩን ቁልፍ አይከፍተውም። ማወቁ ላንተ ይጠቅምህ ይሆናል፤ በደሉን ግን አያጠፋውም።

ግዴታህን ከፍቅርህ ለይተህ እየው። የቤተሰብ ሕጉ ወላጅ ሲቸገር ልጅ ቀለብ እንዲሰጥ ያዛል። ቀለብ ስጥ። አይራብ፤ ያንን አንተ ራስህ አትችለውም። ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ ማገዶውን፣ የሐኪሙን ክፈል። የምታበስልና የምታስታምም ሰው ቅጠር፤ እህትህም ታዋጣ፣ ወንድምህም። ግን ልጅህ «በልቻለሁ» እያለች ባለችበት በዚህ ወር እሱን ማጀትህ አጠገብ አታስተኛው። ከዓመት በኋላ ሐሳብህን ብትለውጥ የሚከለክልህ የለም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ «አባቴ አይቸገርም፣ እኔ ነኝ ተጠያቂው፤ የሚያድርበትን ቤት ግን እኔ ልወስን» በላቸው። ዝርዝር አትግባ።

እሱን ልጠይቀው ካልክ፣ «አልራባችሁም» ሊልህ እንደሚችል አውቀህ ሂድ። ብዙዎቹ እንዲያ ነው የሚሉት። ከእሱ አፍ ቃል ለማውጣት ከሆነ አትሂድ። አንተ ያየኸውን ለመንገር ከሆነ ሂድ።

እግረ መንገዴን ለሌሎች አንባቢዎች፦ እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬም ሰፈራችሁ አለ። ምግብ ሰዓት ላይ ጠብቆ የሚመጣ። ማክሰኞ ዕለት «ጾም ነኝ» የሚል። ቶሎ ቶሎ የሚጎርስ፣ ከዚያ ኪሱን የሚዳስስ። ፊት ለፊት «እናትህ አላበላችህም?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሁለተኛ አይመጣም። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆነና በጣም ከከሳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱን በሪባን ትለካዋለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ነገሩ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ጤና ጣቢያ እንጂ ቤት ውስጥ በማብላት አይታለፍም። ነገሩ ከሰፈር አቅም በላይ ከሆነ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የልጅን እንክብካቤ የማግኘት መብት ይላል፤ «የሰው ገበና» አይልም።

ወንድሜ፣ ያቺ እማማ ያደረጉትን ግን አንድም ባለሙያ አያስተምርም። አበሉህ፤ ግን መራብህን እንዳወቁ አላስታወቁህም። ወጡ ጨው እንዳላነሰው እኮ ያውቁ ነበር። ሥራ ሰጡህ፣ ምላስህን አመኑ፣ ፍርዱን ላንተ ተዉልህ።

ነገ ማታ ወፍጮ ቤቱን ዘግተህ ስትገባ ልብስህ ላይ ያለውን ዱቄት አራግፍ። ልጅህን ወደ ምድጃው ጥራት። ማንኪያውን ስጣትና «ቅመሺልኝ እስቲ፣ ጨው አንሶት እንደሆነ» በላት።