ጥቁሩን ሩም ምን ላድርገው?

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

ለባለቤቴ የሥራ ባልደረቦቹ አንድ ጠርሙስ ጥቁር ሩም ሰጡት። ሁለታችንም መጠጥ ላይ እስከዚህም ነን። ሞሂቶ ልሥራበት ብዬ በነጩ ሩም ፋንታ ብጨምረው የናናው ጣዕም ድራሹ ጠፋ። ጓደኛዬ ደግሞ "ኬክ ላይ ጨምሪው፤ አልኮሉ እሳት ሲነካው ይተናል፣ ልጆቹም ይብሉት" ትለኛለች። እውነት ነው? ሌላስ ምን ይሠራበታል? እንዲህ የጠቆረውስ ብዙ ዓመት ስለቆየ ነው?

ጠርሙሱ ያፈጠጠባት

መልስ

እህቴ፣ ከልጆቹ ልጀምር። ጓደኛሽ የነገረችሽን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ አልኮል የተቀላቀለበት ምግብ 15 ደቂቃ ቢበስል 40 በመቶው አልኮል እዚያው ይቀራል። አንድ ሰዓት ሙሉ በስሎም 25 በመቶው አለ። መጥበሻ ላይ እሳት ለኩሰው የሚያነዱትማ ለዓይን ነው እንጂ 75 በመቶው አይነካም። ስለዚህ ለልጆቹ ኬክ ቫኒላ ይበቃል።

ቀለሙ አያታልልሽ። ሩም በኦክ በርሜል ሲቆይ ይጠቁራል፤ ግን ብዙ አምራቾች የተቃጠለ ስኳር ጨምረው ያጠቁሩታል። ዕድሜውን ማወቅ ከፈለግሽ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቢ።

ሞሂቶው አለምክንያት አልተበላሸም። ጥቁር ሩም የሞላሰስና የተቃጠለ ስኳር ጠረን አለው፤ ናና አይችለውም። ዝንጅብል ግን ይችለዋል። ረጅም ብርጭቆ በበረዶ ሙይና 120 ሚሊ ሊትር ጂንጀር ቢር (የዝንጅብል ለስላሳ መጠጥ) ቅጂበት፣ ጥቂት ሎሚ ጭመቂበት። ከዚያ 60 ሚሊውን ሩም በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርገሽ አፍስሺው። ጥቁሩ ከላይ ይንሳፈፍና እንደ ደመና ቀስ እያለ ይወርዳል። ቤርሙዳዎች ዳርክ ኤንድ ስቶርሚ ይሉታል። ጎስሊንግስ የተባለው የሩም አምራች ስሙን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦታል፤ ቤትሽ ስትሠሪው ግን ማንም አይከስሽም። ዝንጅብል ካልወደድሽ የካሪቢያኑ ፕላንተርስ ፓንች አለልሽ። የድሮው ቀመር 1 እጅ ሎሚ፣ 2 ስኳር፣ 3 ሩም፣ 4 ውሃ ነው። ለእኔ ሁለት እጅ ስኳር ይበዛል፣ በአንድ ጀምሪ።

መጠጥ ላይ እስከዚህም ከሆናችሁ ግን ጠርሙሱን ወደ ወጥ ቤት ውሰጂው፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ይበልጥ ያምርበታል። በአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ብሬናንስ ምግብ ቤት በ1951 እ.ኤ.አ. የጀመረው ባናናስ ፎስተር የሚባል ጣፋጭ አለ። ቅቤና ቡናማ ስኳር ከቀረፋ ጋር አቅልጪ። አረፋ ሲያወጣ ለሁለት የተሰነጠቀ ሙዝ ጨምሪ፣ ሁለቱንም ጎን ቶሎ ቶሎ አገላብጪ። አሁን መጥበሻውን ከእሳት አንሺና ሩሙን ጨምሪ። ከጠርሙሱ በቀጥታ እንዳታፈሺ፣ እሳቱ ሊከተልሽ ይችላል፤ መጀመሪያ በትንሽ ኩባያ ለኪው። መለኮሱ ግድ አይደለም። መልሰሽ ጥደሽ ትንሽ ብታንተከትኪው መረቁ ወፈር ይላል። ከቀዝቃዛ አይስክሬም ጋር ሲቀርብ ጣት ያስቆረጥማል።

ለአዋቂዎች ኬክ ደግሞ ዘቢቡን ቀደም ብለሽ ሌሊቱን ሩም ውስጥ ዘፍዝፊው። ጠዋት አብጦ ታገኚዋለሽ። የተረፈውን ሩም እንዳትደፊው፤ ከስኳር ጋር አሙቀሽ ኬኩ ከምድጃ እንደወጣ በላዩ አርከፍክፊበት።