ካሊማንታን ገጠር ገብቶ መኖርና ገንዘብ ማፍሰስ፦ ለወንድማችን ጥያቄ መልስ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ባለቤትህ የምዕራብ ካሊማንታን ልጅ ናት (በቦርንዮ ደሴት የኢንዶኔዥያ ክፍል)፤ መንደሯ ከፑቱሲባው ከተማ በላይ በጀልባ የሚገባበት ነው። አንተ አሜሪካዊ ዜጋ ነህ፤ 40,000 ዶላር አጠራቅመሃል። ዘመዶቿ 5 ሄክታር «ባዶ ጫካ» በርካሽ እንስጣችሁ ብለዋል፤ ገዝታችሁ ጎማ ዛፍ ብትተክሉ ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄህ። መኖሩ ይቻላል። መሬቱን መግዛት ግን አሁን ተወው፤ ገንዘብህ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ «ባዶ ጫካ» የሚለውን ቃል እንየው። በዳያኮች፣ ማለትም በቦርንዮ ነባር ሕዝቦች፣ አገር ባዶ ጫካ የለም ብትል ብዙም አልተሳሳትክም። ገብተህ ስታየው ትልልቅ የዱሪያን ዛፎች፣ በመካከላቸው ቴንግካዋንግ (ፍሬው ቅባት የሚሰጥ ዛፍ)፣ ራምቡታን፣ ያረጀ ጎማ፣ ከሥር ፈርንና ሐረግ ነው። ረድፍ የለውም፣ አጥር የለውም፤ ለእንግዳ ዓይን እግዜር የተከለው ደን ይመስላል። ለእነሱ ግን ቴምባዋንግ ነው፤ ድሮ ቤት የነበረበት፣ አያት ቅድመ አያት ፍሬ የተከሉበት ቦታ። እያንዳንዱ ዱሪያን ባለቤት አለው፤ መብቱም ለተካዩ ዘሮች በሙሉ ይተላለፋል። ድንበር ተሻግሮ ማሌዥያ፣ ሳራዋክ የሚሠራው የአጎት ልጅ ሳይቀር በፍሬው ወቅት መጥቶ ድርሻዬን ሊል ይችላል። ጦም ያደረ የሚመስለው ቁጥቋጦም (ባዋስ ይሉታል) መጀመሪያ ደኑን የመነጠረው ቤተሰብ ንብረት ነው። ስለዚህ አንድ ዘመድ ሸጠልህ ማለት ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሸጠልህ ማለት አይደለም። አንዱን የፍሬ ዛፍ ብትቆርጥ በአዳት፣ ማለትም በባህላዊ ሕጋቸው፣ ካሳ ትከፍላለህ፤ ካሳው ቢከፈልም ቂሙ ይተርፋል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ከአዳት ሽማግሌውና ከአራቱም አቅጣጫ ጎረቤቶች ጋር ወሰኑን በእግር ዙሩ። ትልልቅ ዛፎች ጋ በደረሳችሁ ቁጥር «ይህ የማን ነው?» ብላ ባለቤትህ ትጠይቅ፤ ስሙን ጻፉ፣ ማዕዘኖቹን በጂፒኤስ መዝግቡ። መልሱ አንድ ካልሆነ ነገሩ እዚያው ይቁም።

ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል። የመንደሩ ሹም፣ ኬፓላ ዴሳው፣ የሚጽፈው ኤስካቴ የተባለው ደብዳቤ እኛ «ካርታ» የምንለው አይደለም። የግብር ደረሰኝም ባለቤትነትን አያረጋግጥም። ካርታ የሚሰጠው ቤፔኤን የሚባለው የመሬት መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ቦታው «ካዋሳን ሁታን»፣ ማለትም መንግሥት የደን ክልል ብሎ ያሰመረው ውስጥ ከሆነ ደግሞ እሱም ካርታ አይሰጥም። ከአገሪቱ የብስ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዚህ ክልል ውስጥ ነው፤ ሙሉ መንደር የሚገባበትም ጊዜ አለ። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የባህላዊ ማኅበረሰብ ደን የመንግሥት ደን አይደለም ብሎ ወስኗል። ሆኖም መብቱ የሚታወቀው ለማኅበረሰቡ በጋራ እንጂ ለአንድ ገዢ አይደለም። እዚያው «ካፑዋስ ሁሉ» በተባለው ወረዳ ውስጥ ያለችው የሱንጋይ ኡቲክ መንደር ደኗን ያስከበረችው በዚህ መንገድ ነው። የመዘገብከውን ማዕዘን ይዛችሁ ቤፔኤን ሂዱና የቦታ አቀማመጥ ካርታቸው ላይ አስቀምጠው ያሳዩአችሁ።

አሁን ስለ አንተ። የ1960ው የመሬት ሕግ ሃክ ሚሊክ የሚባለውን ሙሉ ባለቤትነት ለኢንዶኔዥያ ዜጋ ብቻ ነው የሚፈቅደው። «በዘመድ ስም ይሁን፣ በጎን ውል እንጻፍ» የሚልህ ሰው አይጠፋም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 26 እንዲህ ያለውን ሽያጭ ከመነሻው ውድቅ ያደርገዋል፤ መሬቱ ለመንግሥት ይወድቃል፣ የተከፈለው ገንዘብም አይመለስም። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመህ አንብበው፤ ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ይቀራል፣ አንተ ከሁለቱም ትወጣለህ።

በባለቤትህ ስምስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት የጋራ ስለሆነ ግማሹ የውጭ ዜጋ ይዞታ ሆኖ ይቆጠራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተላለፈ መብቱ ይጠፋል። መፍትሔው የንብረት መለያያ ውል ነው። ቀድሞ ከጋብቻ በፊት ብቻ ነበር የሚፈቀደው፤ ከ2016ቱ የሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ግን በትዳር ውስጥም መዋዋል ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ አሜሪካ ከተጋባችሁ ጋብቻውን ኢንዶኔዥያ ማስመዝገብ፣ ከዚያ ኖታሪ ፊት ውሉን መፈራረም፣ ውሉን ማስመዝገብ፣ መሬት ከዚያ በኋላ። እርግጥ የተለየ ንብረት ማለት በሕግ የእሷ ብቻ ማለት ነው። ይህን ከልብህ ካልተቀበልክ አትጀምረው።

ኩባንያ ላቋቁም ብትል፣ የውጭ ባለሀብት ድርጅት (ፔቴ ፔኤምአ) ከመሬትና ከሕንፃ ውጪ ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ የኢንቨስትመንት ዕቅድ ይጠየቃል፤ ዶላሩ ወደ 16,000 ሩፒያ ሲመነዘር ከ600,000 ዶላር በላይ ነው። በአንተ አቅም የሚሆነው በባለቤትህ ስም ኤንአይቢ የሚባለውን የንግድ መለያ ቁጥር አውጥቶ ጥቃቅን ንግድ መክፈት ነው። አንተ በእሷ ስፖንሰርነት ኪታስ፣ ማለትም ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ታወጣለህ፤ ትዳሩ 2 ዓመት ሲሞላው ቋሚውን ኪታፕ መጠየቅ ትችላለህ። የ2011ዱ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 61 በትዳር ኪታስ የያዘ ሰው ቤተሰቡን ለማስተዳደር እንዲሠራ ይፈቅዳል። በቱሪስት ቪዛ ግን እርሻ ላይ ስትሠራ እንዳትገኝ።

ታዲያ ገንዘቡን ምን ላይ? የእኔ መለኪያ አንድ ናት፦ ጀልባው ሦስት ሳምንት ቢቀር ምርቱ ይበላሻል ወይ? ዘንባባ ዘይት እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬው በተቆረጠ በ24 ሰዓት ገደማ ፋብሪካ ካልደረሰ አሲዱ ይጨምራል፣ ዋጋው ይወርዳል። ጎማ ሲቀመጥ አይበላሽም፤ ግን ግንዱ ተበጥቶ ወተቱ እስኪቀዳ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይጠብቃል፣ ዝናብ ባለበት ጠዋት ደግሞ በግንዱ የሚወርደው ውሃ ወተቱን ከጽዋው አጥቦ ይወስደዋል። ቅጠል የሚያረግፈው በሽታም ኢንዶኔዥያን እየጎዳ ነው። ክራቶም በአካባቢው ትልቅ ንግድ ነው (ቅጠሉ ለማነቃቂያና ለሕመም ማስታገሻ የሚሸጥ ዛፍ ነው)፤ ግን ዋናው ገዢ አሜሪካ ስለሆነና አንዳንድ ስቴቶች ስለከለከሉት ኑሮህን እሱ ላይ አታንጠልጥል።

መለኪያዋን የሚያልፈው ቁንዶ በርበሬ ነው። ቀላል ነው፣ ከደረቀ ዓመት ይቀመጣል፣ በ2 እስከ 3 ዓመት ያፈራል። ባለቤትህ በቤተሰቧ መሬት ላይ በአዳት ፈቃድ ሩብ ሄክታር ትትከል፤ በ2.5 ሜትር ርቀት 400 ቋሚ ይሆናል። ለቋሚ የብረት እንጨት፣ ኡሊን፣ አትፈልግ፤ ውድም እየጠፋም ነው። ግሊሪሲዲያ ተክለህ ሐረጉን በሕያው ዛፍ ላይ አውጣው። ገዳዩ እግር አበስብስ ነው፦ ዛሬ ለምለም የነበረው ሐረግ በጥቂት ቀን ቢጫ ይሆናል፣ ቅጠሉን ያረግፋል፣ ግርጌውን ስትፍቀው ጥቁር ነው። የሚተላለፈው በተኛ ውሃና በጫማ ጭቃ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ተክል 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ አድርግ፣ መፋሰሻ ቦይ ቆፍር፣ መሬት የሚነካውን ቅጠል ቁረጥ፣ ከታመመው ማሳ በቀጥታ ወደ ጤነኛው አትሂድ።

ከእርሻው ይልቅ ግን ገንዘብህን ማድረቂያው ላይ ብታውለው ይሻላል፤ መንደርተኛው ዘርቶ ማብቀል ያውቅበታል፣ የሚጎድለው ዝናብ ውስጥ ማድረቅ ነው። ይርጋጨፌ ቡና የሚደርቅበትን አልጋ አስብ፤ እሱኑ ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር አንስተህ በላዩ ፀሐይ የሚችል ፕላስቲክ ጣሪያ አድርግ። ሁለቱ ጫፎች ክፍት ይሁኑ። ሰው ሙቀት ላፍን ብሎ ሲዘጋው እንፋሎቱ ፕላስቲኩ ሥር ይቋጥርና መልሶ በርበሬው ላይ ይንጠባጠባል፤ በማግስቱ ነጭ ሻጋታ ታያለህ። ፍሬውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አሳሳ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ አገላብጥ። 3 ኪሎ እርጥብ ወደ 1 ኪሎ ጥቁር በርበሬ ይወርዳል። በጥርስህ ስትነክሰው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ቀርቧል፤ ለማከማቸት ግን በእርጥበት መለኪያ 12 በመቶ ይሁን። ነጩን ለማዘጋጀት የበሰለው ፍሬ በጆንያ ሆኖ ከ7 እስከ 10 ቀን በሚፈስ ውሃ ይነከራል፤ ወንዙ በጎርፍ በደፈረሰበት ወቅት ግን አትሞክረው፣ ጭቃው ቀለሙንም ሽታውንም ያበላሸዋል።

ለኑሮው፦ ትንሽ ፍሪጅ፣ ለ10 ሰዓት ስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት)፣ መብራትና ስልክ በቀን ወደ 1,900 ዋት ሰዓት ይፈጃል። በደመና ወራት 2.5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብቻ ቆጥረህ 1,100 ዋት ፓኔልና 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ያዝ። ፓኔሉን 10 ዲግሪ ያህል አዘንብለው፣ ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል። ኢንቨርተሩን በደቃቅ ወንፊት ሸፍን፤ እንሽላሊትና ጉንዳን ገብተው ያቃጥሉታል። ውሃ ከጣሪያ ነው፦ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 600 ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን አፍስስ፣ ታንከሩን ለትንኝ ዝጋ፣ አፍልተህ ጠጣ።

በጤና በኩል አደራ የምልህ ከጦጣ በትንኝ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የጦጣ ወባን ነው። በማይክሮስኮፕ ቀላሉን የወባ ዓይነት ይመስላል፤ ግን በየ24 ሰዓቱ ስለሚራባ በጥቂት ቀን ሊገድል ይችላል፣ ፈጣን ምርመራውም ሊስተው ይችላል። ጫካ ገብተህ ትኩሳት ከያዘህ አንድ ኔጌቲቭ ውጤት አያሳምንህ፤ ደሙ በማግስቱም ይታይ። የእብድ ውሻ ክትባት ደግሞ ሳትሄድ ተከተብ።

ለማየት ስትሄድ ሁለት ጊዜ ሂድ፤ ኦገስት ወንዙ ሲጎድልና ዲሴምበር ሲሞላ። ኦገስት ላይ ጀልባው ድንጋይ ላይ የሚጎተትበትን ቦታና የነዳጁን ዋጋ መዝግብ፣ ዲሴምበር ላይ ውሃው የቤቱን ቋሚ የቱ ጋ እንደደረሰ ምልክት አድርግ። የቤትህ ወለል ከዚያ ምልክት በላይ ነው የሚሠራው።